ደንበኛው በየወሩ እንደ አዲስ ይመርጣችኋል፦ የወርሃዊ ክፍያ ሶፍትዌርን ለዓመታት ማቆያ መመሪያ፣ ከሐዋሳ

ታኅሣሥ 18 ቀን፣ ማታ 1 ሰዓት አካባቢ ስልኬ ጮኸ። በማግስቱ የገብርኤል ንግሥ ነው። ሐዋሳን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ በዚያ ማታ ባዶ አልጋ ማግኘት ከባድ ነው። የደወለችልኝ መናኸሪያ አካባቢ ያለ ፔንሲዮን ሪሴፕሽን ላይ የምትሠራ ልጅ ናት። "ወንድሜ፣ ሲስተሙ አልከፍት አለኝ፤ ሰው ተሰልፏል" አለችኝ። ከፍቼ ሳይ ጥፋቱ የእኛው ነው። የወሩ ክፍያ ሁለት ቀን አልፎታል። ሶፍትዌሩም በራሱ ጊዜ ዘግቶባቸዋል። በአምስት ደቂቃ ውስጥ ከፈትኩላት። እሷ ግን እስከዚያ ደብተር አውጥታ መጻፍ ጀምራ ነበር። ያ ፔንሲዮን ወደ ደብተሩ እንደተመለሰ ቀረ።

እኔ ለፔንሲዮንና ለአነስተኛ ሆቴሎች የክፍል መመዝገቢያ ሶፍትዌር በወር ክፍያ እሸጣለሁ። ከዚያ ማታ ወዲህ አንድ ነገር ገብቶኛል። ውጭ ሀገር ስለዚህ ንግድ የሚጻፈው አብዛኛው የሚነሳው ደንበኛው የባንክ ካርዱን አንዴ አስገብቶ ክፍያው በየወሩ በራሱ ከሚቆረጥበት አሠራር ነው። የፎቶሾፕ ሠሪው አዶቤ እ.ኤ.አ. በ2013 የዋና ዋና የዲዛይን ሶፍትዌሮቹን አዳዲስ ስሪቶች በአንድ ጊዜ ክፍያ መሸጥ ትቶ ወደ ወርሃዊ ክፍያ የዞረው ይህን ይዞ ነው። እኛ ጋ ደንበኛው በየወሩ ስልኩን አውጥቶ፣ ቴሌብር ወይም ባንኩን ከፍቶ፣ ቁጥሩን ጽፎ ይልካል። ማለትም በዓመት 12 ጊዜ "ይህ ነገር ይጠቅመኛል ወይስ ይቅር?" ብሎ ያስባል። ከታች የጻፍኳቸው ደረጃዎች በሙሉ የሚነሱት ከዚህች ቅጽበት ነው።

ደረጃ 1፦ የሄደውን ከዘገየው ለዩ

መጀመሪያ ቁጠሩ። ኤክሴል ይበቃል። ደንበኞቻችሁን በየወሩ በሦስት መደብ አስቀምጡ፦ የከፈለ፣ ዘግይቶም ቢሆን የሚጠቀም፣ መጠቀም ያቆመ። ብዙዎቻችን ሁለተኛውንና ሦስተኛውን አንድ ላይ "ያልከፈለ" ብለን እንጽፋለን። ሁለቱ ግን ፈጽሞ አይገናኙም። የዘገየው ብር ያጠረው ወይም የረሳው ነው፣ ይመለሳል። ያቆመው ግን ልቡ ከወጣ ቆይቷል።

ከዚያ በወር ከመቶ ስንቱ እንደሚሄድ አስሉ። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል፤ አይደለም። 100 ደንበኛ ኖሯችሁ በየወሩ ከመቶ 5 ቢሄድባችሁ፣ ከዓመት በኋላ ከእነዚያ ሰዎች የሚቀሩት 54 ናቸው። ከመቶ 2 ቢሆን ግን 78 ይቀራሉ። በመጀመሪያው ሁኔታ ባላችሁበት ለመርገጥ ብቻ በዓመት 60 አዲስ ደንበኛ ማምጣት አለባችሁ። ሐዋሳ ደግሞ አዲስ አበባ አይደለችም። ፒያሳን፣ አቶቴን፣ መናኸሪያን፣ የሐይቁን ዳር ዞራችሁ ስትጨርሱ የቀረ ሰው የለም። በዚያ ላይ ባለቤቶቹ ይተዋወቃሉ። አንዱ ተማርሮ ከሄደ ወሬው ለሦስት ሰው ይደርሳል።

ገንዘቡ ከመቅረቱ በፊት የሚታይ ምልክት አለ። የእኔ ምልክት የማታ ተረኛው ነው። የማታው ሰው ለ7 ቀን ምንም ካልመዘገበ ያ ቤት ወደ ደብተር እየተመለሰ ነው። በእናንተ ሥራም እንዲህ ያለች አንዲት ምልክት አለች። ፋርማሲ ከሆነ የገባ ዕቃ አለመመዝገብ ሊሆን ይችላል፣ ትምህርት ቤት ከሆነ የቀሪ ተማሪዎች ምዝገባ መቆም። ፈልጓትና በየሳምንቱ ሰኞ ጠዋት ተመልከቷት።

ደረጃ 2፦ የመክፈያዋን ቀን አለዝቡ

ክፍያው በእጅ ስለሆነ እያንዳንዱ እንቅፋት ደንበኛ ያስወጣል። ስለዚህ፦

ማስታወሻው ከቀኑ 5 ቀን ቀድሞ ይሂድ። በውስጡ መጠኑ፣ የመክፈያ ሊንኩ፣ ባለፈው ወር የሰጣችሁት ጥቅም በአንድ መስመር ይኑር። "ባለፈው ወር 312 እንግዳ መዝግባችኋል" የሚለው ዓረፍተ ነገር ከየትኛውም ማስታወቂያ የበለጠ ሠርቶልኛል።

ከፍያለሁ ብሎ በሚላክ ስክሪንሾት (የስልክ ገጽ ፎቶ) አትመኑ። ስክሪንሾት ይቀናበራል፣ ይደገማል። የግብይት ቁጥሩን ተቀበሉና በእሱ አረጋግጡ።

ቀኑ ሲያልፍ አትዝጉ። እኔ አሁን 10 ቀን እጠብቃለሁ። ከዚያ በኋላም የድሮው መረጃ ይታያል፣ አዲስ መመዝገብ ብቻ ይቆማል። በዓል ሲቃረብ ደግሞ ጨርሶ አይቆምም። የታኅሣሥና የሐምሌ ገብርኤል፣ ገና፣ ጥምቀት፣ ፋሲካ፣ ፍቼ ጨምበላላ (የሲዳማ ዘመን መለወጫ)፣ እንቁጣጣሽ ሲስተሙ ውስጥ ተጽፈዋል። ፍቼ ጨምበላላ በየዓመቱ ቀኑ የሚታወቀው አያንቱዎች (የሲዳማ የከዋክብት አዋቂ ሽማግሌዎች) ከዋክብትን አይተው ሲወስኑ ስለሆነ በእጅ ነው የምናስገባው።

ለጳጉሜን ክፍያ አትጠይቁ። ለአምስት ቀን ብላችሁ 13ኛ ክፍያ ብትልኩ ደንበኛው ብሩን ሳይሆን ነገሩን ይታዘባል።

ደረጃ 3፦ የሄደውን ቤቱ ድረስ ሄዳችሁ ጠይቁ

በስልክ ብትጠይቁ መልሱ "ሥራ ቀዝቅዞ ነው" ነው። ሁሌም። ሰው ፊት ለፊት የማያውቀውን ሰው ማስቀየም ስለማይፈልግ እውነቱን አይነግራችሁም። ሂዱ። ቡና ጠጡ። ሪሴፕሽኑ ጀርባ ቆማችሁ አንድ ሰዓት ተመልከቱ።

አንዲት የፔንሲዮን ባለቤት፣ በዕድሜ እናቴን የምታህል ሴት፣ በስልክ ሦስት ጊዜ ሥራ ቀዝቅዞ ነው አለችኝ። ቤቷ ስሄድ ግን ግቢው ሞልቷል። ሁለተኛውን ቡና ስንጠጣ፣ "ልጄ፣ ያቺ ያስተማርካት ልጅ ሄዳለች እኮ። አዲሷ አታውቀውም። ልጠይቅህ ደግሞ አፈርኩ" አለችኝ።

ዋናው ቀዳዳዬ ይህ ነበር። በዚህ ሥራ ሠራተኛ ቶሎ ቶሎ ይቀያየራል። እኔ ባለቤቷን አሳምኜ፣ አንዷን ልጅ አሠልጥኜ፣ ሥራዬን ጨረስኩ ብዬ ነበር። ልጅቷ ስትወጣ ሶፍትዌሩም አብሯት ወጣ። መፍትሔው አዲስ ሰው በመጀመሪያው ቀን ማንንም ሳይጠይቅ በ15 ደቂቃ የሚለማመድበት የሙከራ ክፍል ማስገባት ሆነ። ሐሰተኛ እንግዳ ያስገባል፣ ያስወጣል፣ ሒሳብ ይዘጋል። በአማርኛም በሲዳምኛም ይሠራል። እሱን ከሠራን በኋላ ስንትና ስንት ወር የደከምኩባቸው ቆንጆ ግራፎች ያላመጡትን ለውጥ አየሁ።

የለቀቁ ሰዎችን ምክንያት በራሳቸው ቃል ጻፉት። አታሳምሩት። አሥር ሲሞላ ሁሉንም አንድ ላይ አንብቡት። የሚቀጥለው ስድስት ወር ዕቅዳችሁ እዚያ ውስጥ ነው።

ደረጃ 4፦ ከብዙ ነገር አንዷን ሥራ እስከ ጥግ ሥሩ

ተፎካካሪ ሲመጣ የመጀመሪያው ሐሳባችን ፊቸር (ሶፍትዌሩ የሚሠራው ተጨማሪ ነገር) መጨመር ነው። እሱ የምግብ ቤት ሒሳብ ካለው እኛም፣ እሱ የደመወዝ ስሌት ካለው እኛም። ይህ መንገድ ጉልበት ይጨርሳል። ደንበኛው ብሩን የሚልከው ለሃያ ነገር ሳይሆን አንድ ትልቅ ጭንቀት ስለሚቀልለት ነው። ያንን ጭንቀት ለዩ።

የእኔ ደንበኞች ጭንቀት ርክክብ ነው። ብዙ ባለቤቶች ቤቱ ውስጥ አይውሉም። አንዳንዱ አዲስ አበባ ነው፣ አንዳንዱ ውጭ ሀገር። ቀንና ማታ ተረኞች ሲቀያየሩ ስንት ክፍል እንደተያዘ፣ ስንት ብር በካሽ፣ ስንት በስልክ እንደገባ ማወቅ ይፈልጋሉ። ስለዚህ በየርክክቡ ለባለቤቱ በቴሌግራም አንድ አጭር መልእክት ይሄዳል፦ "14 ክፍል ተይዟል። 9,800 ብር በካሽ፣ 4,200 በቴሌብር። ተረካቢው ፈርሟል።" በቃ። ባለቤቱ ሲስተሙን በወር አንዴ እንኳ ላይከፍት ይችላል። መልእክቷ አንድ ማታ ብትቀር ግን ይደውላል። ያን ጊዜ ሥራው ውስጥ እንደገባችሁ ትረዳላችሁ።

እስከ ጥግ መሥራት ሲባል ትንንሿን ነገር ማወቅ ነው። ለምሳሌ ሐሙስ መሽቶ ሌሊት 7 ሰዓት የገባ እንግዳን አስቡ። ኮምፒውተሩ ቀኑን የሚቀይረው ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ነው። ስለዚህ እንግዳውን የዓርብ አድርጎ ይመዘግበዋል። ለሪሴፕሽኗ ግን ሐሙስ ለዓርብ አጥቢያ ነው፣ ሒሳቡም የሐሙስ ነው። ይህን ያላገናዘበ ሶፍትዌር በየማታው የአንድ ሁለት ክፍል ሒሳብ ያዛባል። እኛ መረጃውን በዓለም አቀፉ ሰዓት እናስቀምጥና የሥራ ቀኑን ከጠዋቱ 12 ሰዓት እናስጀምረዋለን። በስክሪኑ ላይ የሚታየው የእኛው ቀንና ሰዓት ነው። እንዲህ ያለችው ነገር በማስታወቂያ አትታይም፤ ከስድስት ወር በኋላ ግን ደንበኛው ሌላ ሲሞክር የሚመለስባት ምክንያት ትሆናለች።

አዲስ ጥያቄ ሲመጣ በደብተር ያዙ። ሦስት የተለያዩ ደንበኞች ሳይተያዩ ተመሳሳይ ነገር ካልጠየቁ አትጀምሩ። በየዓመቱ ደግሞ ማንም የማይነካውን አውጡ። የማይጠቀሙበት ነገር ሁሉ ጥገና ይፈልጋል፣ አዲስ ሠራተኛንም ያደናግራል።

ደረጃ 5፦ ለሁሉም አንድ ኮድ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ጎበዝ ልጆች ሲወድቁበት ያየሁት ጉድጓድ ይህ ነው።

አብዛኞቻችን የጀመርነው በትዕዛዝ እየሠራን ነው። ሰው ይመጣል፣ የሚፈልገውን ይናገራል፣ እንሠራለን፣ ይከፍላል። ያ ልማድ ወደ ወርሃዊ ክፍያው ይከተለናል። አንድ ትልቅ ሆቴል "ለእኔ ብቻ እንዲህ አድርግልኝ" ይላል። ብሩ ጥሩ ነው። ኮዱን ገልብጠን ለእሱ ብቻ እንቀይራለን። ከዚያ ሌላው ይመጣል። በሁለት ዓመት ውስጥ ስምንት የተለያየ ኮድ ይኖረናል። አንድ ስህተት ሲገኝ ስምንት ቦታ ማረም ነው። በሦስተኛው ዓመት አዲስ ነገር የመሥራት አቅም ያልቃል። ያኔ አንድ ኮድ ብቻ ይዞ የመጣ ተፎካካሪ በቀላሉ ያልፈናል።

እንዲህ አድርጉ። ደንበኛው የተለየ ነገር ሲፈልግ "ይህ ማብሪያ ማጥፊያ ሆኖ ለሁሉም ሊገባ ይችላል ወይ?" ብላችሁ ጠይቁ። ከቻለ ማስተካከያ ገጹ ላይ አንድ ምርጫ አድርጉት፣ ለሌላው ጠፍቶ ይቆይ። ካልቻለ ደግሞ በአክብሮት እንቢ በሉ። "ጋሼ፣ ይህን ለእርስዎ ብቻ ብሠራው በሚቀጥለው ዓመት ልጠግንልዎ አልችልም" ስል የተቆጣኝ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም። እውነት ስለሆነ ይገባቸዋል።

ቀድሞውኑ የተበታተነ ኮድ ካላችሁ ሁሉንም ጥላችሁ ከዜሮ አትጀምሩ። ብዙ ደንበኛ ያለበትን መሠረት አድርጉና ሌሎቹን አንድ በአንድ ወደ እሱ አዙሩ፤ በወር አንድ ቤት። ጅምሩ ክረምት ላይ ቢሆን ይሻላል። ከሐምሌ ገብርኤል በኋላ እስከ ጳጉሜን ሐዋሳ ላይ እንግዳ ይሳሳል።

ደረጃ 6፦ መብራትና ኔትወርክ እንደሚጠፋ አድርጋችሁ ሥሩ

መብራት ሲጠፋ የሚቆም ሶፍትዌር ከደብተር ያንሳል። ስለዚህ መዝገቡ መጀመሪያ ስልኩ ወይም ታብሌቱ ላይ ይቀመጥ፣ መስመር ሲመጣ ወደ ሰርቨር (የሁሉም መረጃ ወደሚቀመጥበት ዋና ኮምፒውተር) ይላክ። ችግሩ ሁለት ሰው ያለ ኔትወርክ አንዱን ክፍል ሲሸጥ ነው። ብዙ ሲስተም የመጨረሻውን ይዞ የመጀመሪያውን በዝምታ ይሰርዛል። ይህን አትፍቀዱ። ሁለቱንም ያዙና "ክፍል 7 ሁለት ጊዜ ተይዟል" ብላችሁ ለሰው አሳዩ። መወሰን ያለበት ሰው ነው።

ባካፕ (የመረጃው መጠባበቂያ ቅጂ) በየቀኑ ይወሰድ፤ ከተቻለ ከዋናው ሰርቨር ሌላ ቦታ። በወር አንዴ ደግሞ ባካፑን መልሳችሁ ጫኑና መሥራቱን አረጋግጡ። ተመልሶ ተጭኖ ያልታየ ባካፕ እንደሌለ ቁጠሩት።

ደረጃ 7፦ ዶላሩን ከዋጋችሁ ጋር አስታርቁ

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር ወደ 57 ብር ነበር። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የእኛ ገቢ በብር ነው፣ ሰርቨሩ ግን በዶላር።

ወረቀት አውጡና አስሉ። ለምሳሌ ሰርቨርና ሌላ ተያያዥ ወጪ በወር 60 ዶላር ነው እንበል፣ ደንበኛ ደግሞ 40። በ57 ብር 3,420 ብር ነው፤ ለአንድ ደንበኛ 85 ብር ገደማ ይደርሳል። በ120 ብር ግን 7,200 ይሆናል፤ ለአንድ ደንበኛ 180 ብር። ዋጋችሁን ካልነካችሁት ልዩነቱን የምትከፍሉት ከኪሳችሁ ነው። ይህን ቁጥር በየሩብ ዓመቱ አስሉት።

ከዚያ መጀመሪያ ወጪውን ቀንሱ። ሥራ የሌለውን ሰርቨር ዝጉ፣ ፎቶዎችን አሳንሱ፣ የድሮ መረጃን ወደ ርካሽ ማከማቻ አዙሩ። ሀገር ውስጥ በብር የሚከፈልበትን አማራጭም፣ እንደ ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌክላውድ ያለውን፣ አወዳድሩ። ስታወዳድሩ ዋጋውን ብቻ አትዩ፤ ለሁለት ሳምንት ፈትኑትና የፍጥነቱንና የመቋረጡን ነገር በራሳችሁ መዝግቡ።

ዋጋ ስትጨምሩ ቢያንስ 60 ቀን ቀድማችሁ ተናገሩ። ምክንያቱንም በግልጽ ጻፉት። የቆዩ ደንበኞች በድሮው ዋጋ ለተወሰነ ጊዜ ይቆዩ፣ የሚያበቃበት ቀን ግን ተጽፎ ይታወቅ። በዓመት አንዴ ትንሽ መጨመር በሦስት ዓመት አንዴ ብዙ ከመጨመር ይሻላል።

የዓመት ክፍያ አቅርቡ፤ 12ቱን ውሳኔ አንድ ያደርገዋል። እኔ የማቀርበው ጥር ላይ ነው፤ ከገብርኤል፣ ከገናና ከጥምቀት በኋላ እጃቸው ላይ ብር አለ። ነሐሴ ላይ ብትጠይቁ አታገኙም። ቅናሹ ግን መጠነኛ ይሁን። ዛሬ የተቀበላችሁት ብር ከ11 ወር በኋላ ያለውን የዶላር ወጪ ሊሸፍን ይገባል። ከዓመት ክፍያው ላይ የስድስት ወር የሰርቨር ወጪ ለይታችሁ አስቀምጡና አትንኩት።

ለክረምት ደግሞ ማቆያ ፍቀዱ። ሥራ ሲሳሳ ደንበኛው በትንሽ ክፍያ መረጃው ተቀምጦለት ሁለት ወር ይረፍ። ከለቀቀ መመለሱ ያጠራጥራል፤ ከቆየ ግን መስከረም ላይ ራሱ ይከፍታል።

ደረጃ 8፦ ሊገለበጥ የማይችለውን ገንቡ

ዛሬ አንድ ጎበዝ ተማሪ በኤአይ እየታገዘ የእናንተን ስክሪኖች በጥቂት ሳምንት ሊሠራቸው ይችላል። ልትከለክሉት አትችሉም። ሊገለብጠው የማይችለው ሌላ ነው፦ ደንበኛው ሌሊት ሲደውል የምታነሱት ስልክ፣ ሦስት ዓመት የተጠራቀመ መዝገብ፣ የሥራውን ወግ ማወቃችሁ፣ እምነቱ።

እምነቱን የሚያጠነክር አንድ ነገር አለ፤ ብዙ ሰው ይፈራዋል። ደንበኛው በፈለገ ሰዓት መረጃውን በሙሉ በኤክሴል ይዞ እንዲወጣ ቁልፍ ስጡት። ሰው እንደታሰረ ሲሰማው መውጫ ይፈልጋል። በሩ ክፍት መሆኑን ሲያይ ይረጋጋል።

የእንግዳ መታወቂያ፣ ስልክ፣ ስም እናንተ ጋ ስለሚቀመጥ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን አንብቡ። የማያስፈልጋችሁን አትሰብስቡ። ማን ምን እንዳየ ይመዝገብ። እንግዳው ከወጣ በኋላ የመታወቂያ ፎቶው ምን ያህል ጊዜ እንደሚቆይ ወስኑና ለሆቴሉ ባለቤት በጽሑፍ ስጡ። ይህን ወረቀት የያዘ ሻጭ ትልልቅ ሆቴሎች በር ላይ ሲቆም በተለየ ዓይን ይታያል።

ኤአይን ወደ ራሳችሁ ሶፍትዌር ስታስገቡ ደግሞ ክፍያው በአብዛኛው በአጠቃቀም ልክ፣ በዶላር መሆኑን አትርሱ። ደንበኛው በወር የተወሰነ ብር ይከፍላል፣ እናንተ ግን እሱ በተጠቀመ ቁጥር ትከፍላላችሁ። ለእያንዳንዱ ደንበኛ ወርሃዊ ጣሪያ ሳታበጁ አትልቀቁት።

ደረጃ 9፦ ቁልፉ አንድ ሰው ጋ አይሁን

ከሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ የሚወጡ ጥሩ ልጆች አሉ። ብዙዎቹ ግን ከዓመት ሁለት ዓመት በኋላ አዲስ አበባ ይሄዳሉ ወይም ከቤታቸው ሆነው ለውጭ ድርጅት ይሠራሉ። መብታቸው ነው። ስለዚህ የዶሜኑ (የኢንተርኔት አድራሻችሁ)፣ የሰርቨሩና የመክፈያ አካውንቱ ምዝገባ በድርጅቱ ኢሜይል ይሁን፣ በማንም የግል ኢሜይል አይሁን። የይለፍ ቃሎቹን ቢያንስ ሁለት ሰው ማግኘት ይችል። ዶሜኑ የሚታደስበትን ቀን ግድግዳ ላይ ጻፉት። "ሰርቨሩ ቢወድቅ ምን ይደረጋል?" የሚለውን በአንድ ገጽ አማርኛ ጻፉና፣ ገጹን ላልጻፈው ልጅ ሰጥታችሁ ከአጠገቡ ቆማችሁ ሳትናገሩ ሲሠራ ተመልከቱት። የተደናቀፈበትን መስመር ያኔውኑ አርሙት።